ምን እንደወሰደ የማያውቅ ሌባ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ሀቢቡ፣ ሐረር።

ጋሼ፣ ሰላምታ መቅደም እንዳለበት አውቃለሁ፤ ግን ዛሬ ጠዋት የሆነውን ሳልነግርዎ እጄ ወደ ሰላምታው አልሄድ አለኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሱብሒን ሰግጄ ገና ከሰጋጃው አልተነሳሁም፣ ሽማግሌዎቹ ከደጃችን፣ ከሰፈሩ ሰፊ መንገድ ከጀፎረው ሣር ላይ ተቀምጠው ነበር። አዲስ አበባ ሲማር ከርሞ ለክረምቱ የመጣው ልጄ ሙስተፋ ከኋላዬ አልፎ ወጣ። ውሃ ሊቀዳ መስሎኝ አላስቆምኩትም። እሱ ለካ ቀጥ ብሎ ሄዶ ከመካከላቸው ቆሞ፣ "የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ እህቴን ተዉአት" ብሏቸዋል። በባዶ እግሬ ሮጬ ስደርስ ቃሉ ከአፉ ወጥቷል።

ጎረቤታችን ሽፋ መቼም አይጠፋዎትም፣ ዛሬ የሰፈሩ ዳኛ እሱ ነው። "ምን ወሰድክ?" ብሎ ጠየቀው። ልጁ እሱን አላሰበበትም እኮ! ዞር ዞር ብሎ አይቷቸው፣ "ምን ጠፍቶባችኋል?" አላቸው። ጋሼ፣ ያን ጊዜ የተሳቀው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አንዱ፣ "የሚሰርቀውን ከባለቤቱ የሚያማክር ሌባ ገና ዛሬ አየሁ" አለ። ሌላው፣ "አዲስ አበባ ልከኸው ስርቆቱን እንኳ በወጉ ሳይማር መጣብህ፣ ሸምሶ" ብሎ ትከሻዬን መታኝ። አብሯቸው የመጣው የመብረቁ ጌታ የቦዠ ሰው ብቻ አልሳቀም። "ቃል ወጥቷል። እስከ ዓርብ የወሰደውን ነገር በስሙ ይጥራ" ብሎ በትሩን ይዞ ተነሳ።

አሁን ሰላምታዬን ይቀበሉኝ። አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱ። ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነሳብዎ ጉልበትዎስ? እትዬ ሰፍያ ደህና ናት ወይ? ልጆቹስ? ቁርዓን የሚያስቀሯቸው ተማሪዎችዎ በረከቱ ወይስ ዘንድሮም ወላጆቻቸው ለሥራ ወሰዱብዎት? የሐረር ዝናብ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍ ግን እርስዎን መዋሸት ከልጅነቴም አይሆንልኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከእህል መጋዘኑ ሥራ ወጥቼ ቤት እንደደረስኩ ሰማዩ ጠቆረ። ትንሿ ልጄ ከድጄ ጥጃውን ልታስገባ ደጃፉ ላይ ነበረች። መብረቁ የቤቱን ጉልላት መትቶ በምሰሶው ወረደ። ላሚቱ እግሯን እንኳ ሳታነሳ ወደቀች። ከድጄ መቃኑ ሥር ተዘረረች። የጣሪያው ሣር በውስጥ በኩል ተያያዘ።

እርስዎ ከአገር ከወጡ ብዙ ዘመን ስለሆነ ምናልባት ረስተውት ይሆናል። ቦዠ የመብረቁ ጌታ ነው ይላሉ፣ መብረቁንም የሚጥለው የሰው ንብረት ተሰርቆ በገባበት ቤት ላይ ነው ይላሉ። ስለዚህ እሳቱን የሱ ሰው መጥቶ ሳይፈቅድ ማንም አያጠፋም፤ የተመታውን ሰውም ሆነ ከብት ማንም አያነሳም። ሌላ ጊዜ ሙስሊሙ መስጊድ፣ ክርስቲያኑ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ መብረቅ ሲወድቅ ግን ሁሉም አንድ ነው። ጎረቤቱ በሙሉ ወጥቶ ከአጥሩ ማዶ ቆመ። ውሃ የሞላ እንስራ የያዘች ሴት አየሁ፤ እንስራዋን አቅፋ ታለቅሳለች እንጂ አታፈስም። እኔ ልጄ መቃኑ ሥር ተዘርራ ምን እጠብቃለሁ? እንስራውን ከእጇ ነጥቄ ደፋሁት። ከድጄን በብብቷ ይዤ ጎትቼ አወጣኋት። ሙስተፋ ጣሪያው ላይ ወጥቶ የሚነደውን ሣር በማጭድ እየቆረጠ ወረወረው። ግማሽ ቤት ተረፈልን። ሽፋ ከማዶ ሆኖ፣ "ሸምሶ! ከማን እጅ እየቀማህ እንደሆነ ታውቃለህ?" እያለ ይጮህ ነበር። ስድብ አልነበረም ጋሼ፤ ፈርቶልኝ ነው የጮኸው።

ከዚያ ወዲህ ያገኘንን በተራ ልጻፍልዎ፤ በተራ ካልጻፍኩት ራሴን ያዞረኛል። አንደኛ፣ ከድጄ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ግን ስትጠራ አትሰማም፤ ከሐሙስ ወዲህ አንዲት ቃል አልወጣትም። ሁለተኛ፣ የሞተችውን ላም የሚቀብርልን አጥተን እኔና ሙስተፋ ጭቃው ውስጥ ስንጎትታት ዋልን። ሦስተኛ፣ ጎረቤት እሳት አይሰጠንም። ባለቤቴ ሃሊማ እንሰት ለመፋቅ ሴቶቹን ብትጠራ አንዲትም አልመጣችላትም፤ ብቻዋን ስትፍቅ እጇ ቆሰለ። አራተኛ፣ የከድጄ እኩዮች ወደሷ ሲሮጡ እናቶቻቸው እየጎተቱ ይመልሷቸዋል። አምስተኛ፣ ቤቱን ልክደን ብል ሣር የሚያቀብለኝ የለም። የተመታ ቤት የሚጠገነው ሌባው ራሱ "እኔ ነኝ" ብሎ፣ የወሰደውን በስሙ ጠርቶ፣ ቅቤና በግ ለቦዠ ሲሰጥ ብቻ ነው። ያለዚያ ቤቱም ሰዎቹም እንደተመቱ ይቆያሉ።

ዓርብ ዕለት ከድጄን በጭነት መኪና አታት ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሟ ጆሮዋን በመብራት አይታ፣ ታምቡሩ ተቀዷል፣ ድንጋጤም አለባት፣ አንደበቷ ይመለሳል፣ ታገሡ አለችኝ። መቼ ነው የሚመለሰው ብላት እሱን አላውቅም አለች። በእውነት ነው የነገረችኝ፤ እኔም አመስግኜ ተመለስኩ። እናታችን አዶት ግን ይሄን ስትሰማ፣ "ሐኪም የማታውቀውን ቀን ቦዠ ያውቀዋል" አለችኝ። ለአዶት ምን ይመለስላታል?

ቅዳሜ በሩን ዘግቼ ቤተሰቡን ሰበሰብኩና ማን ምን እንደወሰደ ጠየቅኩ። መጠየቄ ራሱ ያሳፍራል፤ የተማረ ሰው ነኝ እላለሁ። ጋሼ፣ ሁሉም አንዳንድ ነገር አወጣ። አዶት በጣልያን ጊዜ ከሽፋ እናት ጓሮ አንድ እንሰት ነቅላ አብልታናለች፤ እርስዎም ከበሉት ውስጥ ነዎት። ሃሊማ የተዋሰችውን ወንፊት ሳትመልስ የወንፊቱ ባለቤት ሞታባታለች። ሙስተፋ ከትምህርት ቤት ጠመኔ ወስዷል። የኔን ደግሞ ሃሊማ አስታወሰችኝ፤ የመጋዘኑ እርሳስ ጆሮዬ ላይ እንደተሰካ ቤት ይገባና አይመለስም። ከድጄ ከንፈራችንን ተራ በተራ እያየች ተቀምጣ ነበር። እንግዲህ ለወንፊትና ለጠመኔ መብረቅ የሚወርድ ከሆነ ወልቂጤ ውስጥ ጣሪያ ያለው ቤት ባልቀረ። ሚዛን የሚያጎድለው ነጋዴ ቆርቆሮው እንዳብረቀረቀ አለ። እኛ ቤትም ሲወርድ አራታችንን ትቶ ምንም ያልወሰደችውን መታ።

እሑድ ሸህ ሰይዶ ዘንድ ሄድኩ። ዛሬ የመስጊዳችን ኢማም እሳቸው ናቸው። ለቦዠ አንዲት ጠጉር ብሰጥ በአላህ ላይ ማጋራት፣ ሺርክ መሆኑን፣ እሱ ደግሞ ከኃጢአት ሁሉ የከፋው መሆኑን ነገሩኝ። መብረቁን ማን ላከው ብላቸው፣ አላህ አሉኝ። ከመውረዱ በፊት ተጽፎ ነበር ወይ ብላቸው፣ ተጽፎ ነበር አሉኝ። "ታዲያ ቀድሞ የተጻፈ ከሆነ እኛ ምን አጥፍተን ነው የምንቀጣው?" አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው ይሆናል። አልተቆጡም። "ሰው ችካል ላይ እንደታሰረች በቅሎ ነው" አሉኝ። "ችካሉን የተከለ አላህ ነው፤ የገመዱንም ልክ የቆረጠ እሱ ነው። በገመዱ ልክ ግን በቅሎዋ ወደፈለገችው ዞራ ትግጣለች። የምትጠየቀው በጋጠችው ነው እንጂ በችካሉ አይደለም" አሉኝ።

ነገሩ ገባኝ፤ ልቤም ትንሽ አረፈ። ጭቃውን እየረገጥኩ ስመለስ ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝና መንገዱ መካከል ቆምኩ። ገመዱ የሚደርስበት ቦታ ሁሉ እሳት ቢሆንስ? በጉን ብሰጥ ሺርክ ነው። ባልሰጥ ልጄ ከሰው ተለይታ ታድጋለች። ከኛ አንዱ እኔ ነኝ ብሎ ቢዋሽ ሐሰት ነው፤ እውነቱን ቢናገር የሚሰማው የለም። ባልመርጥም መርጠሃል ይሉኛል። በቅሎዋ እዚህ ጋ ምን ትጋጥ?

መጋዘን አብሮኝ የሚሠራው ባዩ ክርስቲያን ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም። ሰኞ ፊቴን አይቶ ነገሩን አስወጣኝና፣ "አንተ ሰውዬ፣ እሳቱን ከሰማይ ላከው ይላሉ። ያን ቀን ዝናብ አልነበረም ወይ?" አለኝ። ነበረ አልኩት። "እሱንስ ማን ላከው? እንዳይጠፋ ቢፈልግ ለምን ዝናብ ጨመረበት? አንተ እኮ አገዝከው እንጂ አልቀማኸውም" አለኝ። ከሐሙስ ወዲህ የሳቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ባዩም አብሮኝ ስቆ ሲያበቃ ከረጢት ላይ ተቀመጠና፣ "ግን ሸምሶ፣ እኔም ብሆን እንስራውን የምደፋ አይመስለኝም" አለ። ቀጥሎ ሌላ ወሬ ጀመረ።

ዛሬ ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ሙስተፋን ይዤው ገባሁ። ሌባ ነህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። "አይደለሁም አባዬ" አለኝ። በመምህሩ ቃል መብረቅ ማለት ኤሌክትሪክ መሆኑን፣ ከሁሉ የረዘመውን እንደሚመታ፣ የሰፈሩ ረጅም ጉልላትም የኛ መሆኑን አስረዳኝ። እኔም አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ይሄ አልጠፋኝም። "ታዲያ ኤሌክትሪክ ከሆነ ለምን እኔ ነኝ አልክ?" አልኩት። "መብረቁ ኤሌክትሪክ ነው፣ ሰዎቹ ግን አይደሉም። እነሱ የሚፈልጉት አንድ ቃል ነው። ቃሉን ካገኙ ነገ ሴቶቹ እማዬን ያግዛሉ፤ ልጆቹ ከከድጄ ጋር ይጫወታሉ። ከሰው ጋር ካልዋለች ደግሞ አንደበቷ ከየት ይመጣል?" አለኝ። ማን ገፋፋህ ብለው፣ "ማንም። በገዛ ፈቃዴ ነው" አለኝ።

በገዛ ፈቃዴ! ጋሼ፣ ይሄ ቃል እንደ እሾህ ነው የወጋኝ። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። በመስከረም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይገባል። እዚህ አገር ሌባ የሚባል ስም በሰባት ዝናብ አይታጠብም። ሚስት የሚድረው አያገኝም፤ ሸንጎ ላይ ምስክር ሲጠራ ይታለፋል፤ ልጅ ቢወልድ "የዚያ የመብረቁ ሌባ ልጅ" ነው የሚሉት። እሱ ግን እህቱን አየና ይሄን ሁሉ አውቆ ገባበት። የሚያስፈራኝም ማወቁ ነው። ሳያውቅ ቢሆን ልጅነት ነው ብዬ እለምንለት ነበር።

ደግሞ ነገሩ በቃል አልቆመም። እኩለ ቀን ሳይሆን ሦስት ሰው መጣብን። አንደኛው መጋዝ ጠፍቶብኛል አለ። ሁለተኛዋ፣ "ዶሮዬን ቀበሮ በላብኝ ብዬ ነበር፤ ለካ ቀበሮው ሱሪ የታጠቀ ነው!" እያለች ደጃፋችን ላይ ቆመች። ሦስተኛው የበቅሎ ኮርቻ ነው የሚጠይቀው። መቼ ጠፋብህ ብለው የነገረኝ ዓመት ሙስተፋ ያልተወለደበት ነው። ይሄንን ብነግረው፣ "እንግዲህ እኔ ነኝ ያለው እሱ ነው፤ ከልጅህ ተነጋገር" ብሎኝ ሄደ። ሙስተፋ ከሦስቱ የትኛውን ቢጠራ እንደሚሻል ከእናቱ ጋር ሲመካከር ሰማሁት። ዶሮዋን ይሻላል ትለዋለች፣ ቀላል ናትና። ሃሊማ እኮ ናት እንዲህ የምትለው! ሰው ሲጨንቀው እዚህ ድረስ ይወርዳል።

ጋሼ፣ እርስዎ ኪታብ የቀሩ፣ የተማሩ ነዎት፤ እኔ የቀራሁት የመጋዘን ደረሰኝ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ይንገሩኝ። መጀመሪያ፣ ከድጄ ምንም ሳትመርጥ የተመታችው ለምንድን ነው? ፈተና ነው የሚሉኝ ከሆነ ፈተናው ለማን ነው፣ ለሷ ወይስ ለኔ? ለኔ ከሆነ ደግሞ የኔን ፈተና እሷ እንዴት ትሸከማለች? ሁለተኛ፣ ሙስተፋ የዋሸው ለእህቱ ብሎ ነው። አላህ ዘንድ የሚጠየቀው ማን ነው? የዋሸው? እንዲዋሽ ያስጨነቁት? ወይስ አጠገቡ ቆሜ አፌን የያዝኩት እኔ? ሦስተኛ፣ ተገድዶ ያደረገ ይቅር ይባላል ሲባል እሰማለሁ። ግዴታ የሚባለው ሰይፍ ሲመዘዝ ብቻ ነው ወይስ ጎረቤት ፊቱን ሲያዞርም ነው?

በጉ ጓሮ ታስሯል። የገዛችው አዶት ናት፤ ለመግነዟ ብላ ባስቀመጠችው ገንዘብ። ልመልሰው ብል አለቀሰችብኝ። ሰደቃ ነው ብዬ በልቤ ለአላህ ነይቼ ለድሆች ላርደው፣ ሰፈሩ ደግሞ ለቦዠ ነው ብሎ ይመን ብዬም አስቤ ነበር። ይሄንን ትናንት ሸህ ሰይዶን ባማክራቸው፣ "አላህ ልብህን ያያል፣ ሰፈሩ እጅህን ያያል። ሁለቱን በአንድ በግ ልታታልል ነው?" ብለው አፈጠጡብኝ። ከድጄ ቀኑን ሙሉ በጉ አጠገብ ተቀምጣ ሣር ታጎርሰዋለች። ጩኸቱን አትሰማም፤ አፉን ሲከፍት ግን እያየችው ትስቃለች። ከሐሙስ ወዲህ ሲሸሻት ያላየችው ፍጡር እሱ ብቻ ነው።

ይሄ ደብዳቤ በነገው አውቶቡስ ቢሄድ፣ ከአዲስ አበባ በባቡር ድሬዳዋ ወርዶ ሐረር እስኪወጣ ዓርብ አልፏል። ይሄን እያወቅሁ ነው የምጽፍልዎ። መልስዎ የሚደርሰኝ የማደርገውን ካደረግሁ በኋላ ነው። ቢሆንም ይጻፉልኝ። ያደረግሁት ነገር ስሙ ምን እንደሆነ እንኳ ልወቅ።

ያሰብኩትን ልንገርዎ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጀፎረው ላይ ቆሜ፣ ልጄ ምንም አልወሰደም፣ ዶሮም ኮርቻም የለም እላለሁ። እሳቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ልጄን ከመቃኑ ሥር ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም፣ ነገም ቢሆን አደርገዋለሁ እላለሁ። ይሄ እውነት ነው፣ እስከዚህ ድረስ ምላሴ አይታሰርም። ከዚያ ሽፋ ተነስቶ "እንግዲያው በጉን አምጣ" ይለኛል። አዶት ታየኛለች። ሃሊማ ታየኛለች። ሸህ ሰይዶም ከመስጊድ ሲመለሱ በዚያው ነው የሚያልፉት። እዚያ ጋ ስደርስ ሐሳቤ ይቆምብኛል። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከዚያ ወዲያ ያለውን አንዲት ቃል ላስብ ብዬ አልቻልኩም። ዱዓ ያድርጉልኝ ጋሼ። ከሰገዱ በኋላ በስሜ ጠርተው ያድርጉልኝ።

ለእትዬ ሰፍያ እጅ እነሳለሁ፤ የላከችልኝ ሽርጥ ደርሶኛል፣ አላህ ይስጥልኝ ይበሉልኝ። ለሸረፋ ሰላም ይበሉልኝ፤ ዘንድሮ ትዳር ያዝ ብሎሃል አጎትህ ይበሉት። ለትንሿ ለዘሀራ ጉንጯን ይሳሙልኝ። እዚያ የሚኖሩትን የአገራችንን ልጆች፣ ልብስ ሰፊውንም ሙዘሚልን ሳይቀር፣ በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ። የቤታችንን ነገር ግን ለነሱ አይንገሩብኝ። አዶት ዓይኗ ደክሟል፣ ዱዓዋ ግን አልደከመም፤ ሳላይህ እንዳልሞት ና ብላዎታለች። ሃሊማ እጅ ትነሳለች። ሙስተፋ የጻፍኩትን ላንብበው ብሎኝ ስለከለከልኩት አኩርፎ ተቀምጧል፤ እሱም ሰላም ብሎዎታል። ከድጄ ለማን እንደምጽፍ በእጄ ሳሳያት እጇን ስማ ወደ ወረቀቱ ዘረጋችልዎት።

ቅቤው ትናንት ለቦዠ ሰው ተሰጥቷል፤ አዶት ናት የሰጠችው፣ እኔ ሳላውቅ። በጉ አልተሰጠም።

ታናሽ ወንድምዎ ሸምሶ
ወልቂጤ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1964 ዓ.ም.